መንጠቆና አማና፦ በጎጃም ወንዞች ዳር ዓሣ ለማጥመድ ለሚነሣ ጀማዓ

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ ጎሐ ጽዮንን እንዳለፈ መሬቱ ድንገት ይከዳዋል። ደጋው አልቆ የአባይ ሸለቆ ይከፈታል። መኪናው እየተጥመዘመዘ ወርዶ ድልድዩን ይሻገርና ደጀን ላይ እንደገና ደጋ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው አገር ጎጃም ነው። አባይ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ከቦታል፤ በመካከሉ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የጮቄ ተራራ ቆሟል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሐ፣ ተምጫ፣ ብር እየተባሉ የሚጠሩት ወንዞች ከዚያ ተራራና ከአካባቢው ደጋ እየፈለቁ ወደ አባይ ይወርዳሉ።

ይህ አገር ለሙስሊሙ ባዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙስሊም ነጋዴዎች ወርቁን፣ ቡናውንና የዝሆን ጥርሱን ይዘው አባይን እየተሻገሩ በጎጃም በባሶ ገበያ ይገበያዩ ነበር። ወንዙን በየትኛው መልካ፣ በየትኛው ወር መሻገር እንደሚቻል የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን፣ በተለይም በከተማ ያደግነው፣ ወንዙን የምናየው በመኪና መስኮት ነው።

በቅርብ ዓመታት ወጣቶቻችን ጀማዓ ሆነው ለሽርሽር ወደ ተራራና ወደ ወንዝ መውጣት ለምደዋል፤ ይህም የሚደገፍ ነው። ከዚሁ ጋር ተያይዞ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ፈረንጆች በመሪ እየታገዙ በቡድን ወደ ሩቅ የደጋ ወንዝ ሄደው በመንጠቆ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ከዚህ ትልቅ ስፖርትና ትልቅ ገቢ ተገኝቷል። እኛስ ይህን ብናደርግ በሃይማኖታችን እንዴት ይታያል? ወንዞቻችንስ ምን ይዘዋል? በዚህ ጽሑፍ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ እንወያያለን። ሁለቱም ጥያቄዎች ተያይዘው በየክረምቱ በወንዞቻችን ላይ ወደሚደርስ አንድ ፈተና እንደሚያደርሱን ኢንሻአላህ እናያለን።

ስፖርቱ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን የምናውቀው መንጠቆ ትል ወይም ሊጥ ተሰክቶበት፣ ድንጋይ ወይም እርሳስ ታስሮለት ውሃ ውስጥ የሚወረወረውን ነው። አሁን የምንናገርለት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በመንጠቆው ላይ ላባ፣ ፀጉርና ክር እየተጠመጠመ ዝንብ ወይም ሌላ የውሃ ነፍሳት እንዲመስል ይደረጋል። ይህ ሰው ሠራሽ ዝንብ ክብደት የለውም፤ ስለዚህ ብቻውን ርቆ ሊወረወር አይችልም። ክብደቱ ያለው በገመዱ ላይ ነው። አጥማጁ ረጅምና ተለማጭ በሆነ ዘንግ ገመዱን ወደ ኋላና ወደ ፊት በአየር ላይ እያወዛወዘ ይለቀዋል፤ ዝንቢቱም በገመዱ ተስባ ሄዳ በውሃው ላይ ቀስ ብላ ታርፋለች። ዓሣው እውነተኛ ዝንብ የወደቀ መስሎት ብቅ ብሎ ይጎርሳል።

ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። ከ1,800 ዓመታት ገደማ በፊት ኤልያን የተባለ ጸሐፊ በመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍና ላባ እያሰሩ ዓሣ ሲይዙ እንደነበር ጽፎ ትቷል።

የመሪው ሥራ ዘንጉን አሸክሞ ሰዎችን ወደ ወንዝ መውሰድ ብቻ አይደለም። ውሃ ማንበብን ያስተምራል። ዓሣ ፊቱን ወደሚመጣው ውሃ አዙሮ ስለሚቆም አጥማጁ ከታች ወደ ላይ፣ ከዓሣው ኋላ መቅረብ አለበት። ጥላው ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ይጠነቀቃል። ዓሣው ከድንጋይ ኋላ፣ ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ በሚገናኙበት ቦታ ምግቡን እየጠበቀ ያርፋል። ማለዳና አመሻሽ ከቀትር ይሻላሉ። ይህን ሁሉ ለመማር ዝምታ፣ ትዕግሥትና ማስተዋል ያስፈልጋል። ልጆቻችን ከስልክና ከቴሌቪዥን ርቀው ግማሽ ቀን ውሃ ሲመለከቱ ቢውሉ የአላህን (ሱ.ወ.) ተዓምራት ለማስተንተን በር ይከፈትላቸዋል።

በአገራችን የታወቀው በባሌ ነው

በኢትዮጵያ ይህ ዓይነቱ ዓሣ የማጥመድ ጉዞ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው የባሌ ተራሮች አካባቢ ነው። በዲንሾ አቅራቢያ በወይብ ወንዝና በአካባቢው ባሉ ሌሎች ቀዝቃዛ ወንዞች ትራውት የሚባል ዓሣ ይገኛል። ትራውት የአገራችን ተወላጅ አይደለም። ወደ ኬንያ በእንግሊዞች ዘመን የገባ ሲሆን ወደ ባሌ ደግሞ ከኬንያ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ተለቀቀ። ቀዝቃዛና አየር የበዛበት ውሃ ስለሚወድ በባሌ ደጋ ተስማማው።

አንባቢ ልብ ሊል የሚገባው፣ ይህ የወይብ ወንዝ ከደጋው ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው ወንዝ መሆኑን ነው። ከላይ የውጭ አገር ጎብኚ መንጠቆ የሚጥልበት ውሃ ከታች ሙስሊሙ ኅብረተሰብ በታላቅ ሸይኽ ስም የሚጠራውን ዋሻ አቋርጦ ይሄዳል።

የባሌን ያየ ሰው «ትራውትን ወደ ጮቄ ወንዞችስ ለምን አናመጣም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመስጠታችን በፊት ጎጃም በራሱ ውሃ ውስጥ ምን እንዳለው ማወቅ ይኖርብናል።

አላህ ለጎጃም የሰጠው ዓሣ

ከጮቄ አናት የሚወርዱት ጅረቶች ትናንሽና ቀዝቃዛ ናቸው። ትላልቅ ዓሣ የሚገኘው ወንዞቹ ሰፍተው ወደ ወይና ደጋውና ወደ አባይ ቆላ ሲወርዱ ነው። በእነዚህ ወንዞች፣ በአባይና በጣና ሐይቅ ውስጥ የሚኖረው ዋነኛ ዓሣ የጣና አጥማጆች «ነጭ ዓሣ» የሚሉት ነው። ቅርፊታም፣ ጠንካራና በፈጣን ውሃ ላይ ብርቱ ዋናተኛ ነው። በደቡብ አፍሪካ የእርሱ ዘመዶች «ቢጫ ዓሣ» ይባላሉ፤ በላባ ዝንብ ለሚያጠምዱ ሰዎችም ከሁሉ ተፈላጊዎቹ ሆነዋል። ስለዚህ ጎጃም ለዚህ ስፖርት የውጭ ዓሣ መለመን አያስፈልገውም።

የነጭ ዓሣ ነገር ግን ከስፖርት በላይ ነው። ከደብረ ማርቆስ በቡሬና በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር ስንዘልቅ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ጣናን እናገኛለን። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከሐይቁ የሚወጣው አባይ በጢስ እሳት 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ይህ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ በር ሆኖ ዘግቷል። በመሆኑም በጣና ውስጥ ያለው ነጭ ዓሣ ለብቻው ተነጥሎ ልዩ ልዩ ዓይነት ሆነ። የሆላንድ ተመራማሪዎች ሌኦ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባደረጉት ጥናት በሐይቁ 15 ዓይነት ነጭ ዓሣ እንዳለ ለይተዋል። አንዱ ትናንሽ ዓሣ ያድናል፤ ሌላው ቀንድ አውጣ ይሰብራል፤ ሌላው ከጭቃ ውስጥ ይለቅማል፤ የእያንዳንዱ አፍ ለሲሳዩ የተሠራ ነው። ሱብሐነላህ! አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም አይገኙም።

እንደዚህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የበዛ የዚህ ዘር ዓሣ ቤተሰብ በዓለም ላይ ሌላ አንድ ብቻ ይታወቅ ነበር። እርሱም በፊሊፒንስ፣ በሚንዳናው ደሴት፣ በላናው ሐይቅ ውስጥ ነበር። የላናው ዳርቻ የማራናው ሙስሊሞች አገር ነው፤ ማራናው ማለትም «የሐይቁ ሰዎች» ማለት ነው። እነዚህ ወንድሞቻችን ለዘመናት በዚያ ዓሣ ኖረዋል። ከዚያ በኋላ ከሌላ ቦታ የመጣ ዓሣ ወደ ሐይቁ ገባ፤ ያለ ልክ ማጥመዱም ተጨመረበት። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በላናው ብቻ ይኖሩ ከነበሩት 17 የዓሣ ዓይነቶች 15ቱ ከምድር ገጽ መጥፋታቸውን አስታወቀ።

«ትራውትን ለምን አናመጣም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ አለ። ትራውት ሌላውን ዓሣ የሚበላ አዳኝ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በልክ ያስቀመጠውን ውሃ ለጨዋታ ብሎ መበረዝ የጣናን ዕጣ ከላናው ጋር አንድ ሊያደርገው ይችላል።

ሸሪዓችን ስለ ዓሣ ምን ይላል?

የባሕርና የወንዝ አደን ለሙስሊም የተፈቀደ ነው። በሱረቱል ማኢዳህ 96ኛ አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) የባሕርን አደንና ምግቡን ለነዋሪውም ለመንገደኛውም መጠቀሚያ አድርጎ እንደፈቀደ ይነግረናል። ዓሣ ማረድ አያስፈልገውም፤ የሞተውም ሐላል መሆኑ በሐዲሥ ተነግሯል።

በቡድን ተጉዘው ከውሃ የተገኘ ሲሳይ የበሉ ሰዎች ታሪክም በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) 300 ሰሐቦችን በአቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀርራሕ (ረ.ዐ.) መሪነት ወደ ባሕር ዳርቻ ልከው ነበር። ስንቅ ሲያልቅ አቡ ዑበይዳ የእያንዳንዱን ሰው ስንቅ በአንድ ላይ አሰባስበው በጥቂት በጥቂቱ አከፋፈሉ፤ በመጨረሻ ለሰው አንዳንድ ተምር ብቻ ደረሰ። ከዚያም ባሕሩ እጅግ ትልቅ ዓሣ አወጣላቸውና ለብዙ ቀናት ከእርሱ በሉ። ወደ መዲና ሲመለሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህ አላህ ያወጣላቸው ሲሳይ መሆኑን ነግረዋቸው፣ ከእርሱ የተረፈ ካለ እንዲያቀምሷቸው ጠየቁ፤ ቀረበላቸውና በሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ መሪ አለ፣ ስንቅ መጋራት አለ፣ በችግር ጊዜ መታገሥ አለ።

ይሁን እንጂ የተፈቀደ ነገር ሁሉ በፈለጉት መንገድ ይደረጋል ማለት አይደለም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነፍስ ያለው ነገር ለጨዋታ ዒላማ እንዳይደረግ ከልክለዋል። ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት በዚህ ምክንያት ለቅጣት መዳረጓን የሚናገረው ሐዲሥም የታወቀ ነው። ከዚህ ተነሥተው ዑለማኦች ለመብላት ወይም ለመሸጥ የሚደረግን አደን ፈቅደው፣ ምንም ጥቅም ሳይፈለግበት ለጨዋታ ብቻ የሚደረገውን ጠልተውታል፤ ሥጋው ከተጣለና ከባከነ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል።

በላባ ዝንብ ከሚያጠምዱ ፈረንጆች ብዙዎቹ ዓሣውን ይዘው፣ ፎቶ አንሥተው መልሰው ይለቃሉ። ዓላማቸው ዓሣው እንዳያልቅ መሆኑ ያስመሰግናል። ሆኖም ሊበላ ያልታሰበን ዓሣ ለደስታ ብቻ አፉን መውጋት፣ አድክሞም መልቀቅ ከላይ ካየነው መርሕ ጋር ይጋጫል። ለምግብ እያጠመደ ሳለ ትንሽ ወይም ዕንቁላል የያዘ ዓሣ የያዘው ሰው ግን በርኅራኄ ቢለቀው ሌላ ነገር ነው፤ ይህ መልካም ሥራ ነው። ስለዚህ ለሙስሊም ጀማዓ የምንመክረው መንገድ ይህ ነው፦ ለምግብ ያጥምዱ፣ የሚበቃቸውን ያህል ሲያገኙ ዘንጉን ያጥፉ፣ ያልደረሰውን ይልቀቁ። መንጠቆው ወደ ኋላ የሚይዝ ጥርስ የሌለው ቢሆን ዓሣውን ሳይቀዱ ማላቀቅ ይቻላል።

በዚህ ላይ ከጥንት ዑለማኦች የተላለፈ አንድ ጥሩ ነጥብ አለ። ኢብኑ ቁዳማህ «አል-ሙግኒ» በተባለው መጽሐፋቸው እንደዘገቡት፣ ኢማም አሕመድ ነፍስ ያለውን ፍጡር መንጠቆ ላይ ሰክቶ ማጥመድን ጠልተዋል፤ ምክንያቱም ፍጡሩን ማሰቃየት ነው። በዚያ የተያዘው ዓሣ ግን ሐላል ነው ብለዋል። በሕይወት ያለ ትል ፋንታ ላባና ክር የሚጠቀም አጥማጅ ከዚህ ከራሃ ይድናል። የተያዘውንም ዓሣ በደረቅ መሬት ላይ ሲንፈራገጥ ከመተው ይልቅ ቶሎ እንዲያርፍ ማድረግ ከኢሕሳን ነው።

የክረምቱ ፈተና

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ከጣና ነጭ ዓሦች መካከል ቢያንስ ሰባቱ ዓይነቶች ለመራባት ሐይቁን ትተው ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ወንዞቹ ሞልተው ሳለ፣ በግልገል አባይ፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በሌሎቹም ገባር ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ውሃው ጥርት ብሎ በሚፈስበትና ታቹ ጠጠር በሆነበት ቦታ ወጥተው ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ።

ዓሣው በሐይቁ ውስጥ ተበትኖ ሳለ ለማግኘት አድካሚ ነው፤ በዚያ ወቅት ግን በጠባብ አፍ ላይ ታጭቆ ይገኛል። አንድ መረብ ዘርግቶ ሌሊቱን ሙሉ ማፈስ ይቻላል። አንዳንዱም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ ይጨምራል፤ የፍሬው መርዝ ዓሣውን ያፈዝና ያንሳፍፋል። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ፣ እናቱን ከጫጩቱ አይለይም። ነጭ ዓሣ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያድግና ለመራባት ዓመታት የሚፈጅበት ነው።

ውጤቱ በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 በጣና ላይ በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማጥመድ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ውስጥ በመረብ የሚያዘው ነጭ ዓሣ መጠን ወደ 75 በመቶ ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ ዋናውን ምክንያት በመራቢያ ጊዜ በወንዞች አፍ የሚደረገው ማጥመድ ነው ብለዋል። በኋላም አሸዋና ጠጠር ከወንዝ ማውጣት፣ የመስኖ ፓምፕ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም ተጨምረውበታል።

ውድ አንባብያን! ይህን ስናነብ በሱረቱል አዕራፍ ከ163ኛው እስከ 166ኛው አንቀጽ የተተረከው የባሕር ዳር ከተማ ታሪክ ትዝ ይለናል። አብዛኞቹ ሙፈሲሮች ከተማይቱን አይላ ይሏታል። ነዋሪዎቿ በሰንበት ቀን ከማጥመድ ተከልክለው ነበር። ዓሣውም በተከለከሉበት ቀን እየተንሳፈፈ በግልጽ ይመጣላቸዋል፤ በሌላው ቀን ይሠወርባቸዋል። ይህ ከአላህ (ሱ.ወ.) የመጣ ፈተና ነበር። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ተላለፉ፤ አንዳንዶቹ ገሠጹ፤ አንዳንዶቹም ገሣጮቹን «ለምን ትደክማላችሁ?» ብለው ዝም አሉ። አላህ (ሱ.ወ.) ከክፉ ይከለክሉ የነበሩትን እንዳዳነ፣ በዳዮቹንም እንደቀጣ ይነግረናል።

የሰንበት ክልከላ በእኛ ላይ የለም፤ በነሐሴ ወር ዓሣ መያዝ በራሱ ሐራም ነው ብለን ፈትዋ ለመስጠትም አልተነሣንም። ምሳሌነቱ ግን ግልጽ ነው። ሲሳይ በጣም ቀርቦ፣ በጣም ቀሎ በሚታይበት ሰዓት እጅን መሰብሰብ ትልቅ ፈተና ነው። የወንዙ አፍ ላይ የታጨቀው ዓሣ የአንድ አጥማጅ ንብረት አይደለም፤ ገና ያልተወለዱ ልጆች ሲሳይ ነው። «መጉዳትም መጎዳዳትም የለም» የሚለው የሸሪዓ መርሕ እዚህ ላይ ይሠራል። የአገሪቱም የዓሣ ሀብት አዋጅ (አዋጅ ቁጥር 315/1995) የወጣው ሀብቱ ሳይጠፋ ጥቅም እንዲሰጥ ነው፤ ለሕዝብ ጥቅም የወጣን ሕግ ማክበር ደግሞ የሙስሊም ግዴታ ነው። ስለዚህ ጀማዓችን ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ዘንጉን ሰቅሎ፣ ጉዞውን በበጋው ወራት ቢያደርግ ፈተናውን ያልፋል። በክረምት ብርብራ የሚወቅጥ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለም፣ ከገሣጮቹ ወገን እንሁን እንጂ ዝም ካሉት ወገን አንሁን።

የረሳናቸው መሪዎች

የውጭ አገር ጎብኚ ወንዝ የሚያውቅ መሪ በብዙ ገንዘብ ይቀጥራል። በጎጃምና በጣና ዙሪያ ግን ውሃን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች የራሳችን ወንድሞች ናቸው። በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ሙስሊሞች ናቸው። ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ሰሌንና ቅርጫት ይሠራሉ። የሞተር ጀልባ ሳይመጣ ጣና የነርሱ የመተዳደሪያ እርሻ ነበር።

እነዚህ ወገኖች ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ስለነበር ለረጅም ዘመን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት አግልሏቸው ኖሯል። ከእነርሱ ጋር አብሮ አለመብላት፣ አለመጋባት ነበር። ለዚህ እኛ ሙስሊሞች ምን መልስ እንሰጣለን? አንድ ሙስሊም የተሳሳተው ነገር ካለ ይማራል፣ ይመከራል፤ ከማዕድ ይገፋል የሚል ትምህርት ግን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አልመጣም። አላህ (ሱ.ወ.) ዘንድ የሚያበልጠው ተቅዋ እንጂ ነገድ አለመሆኑን በሱረቱል ሑጁራት ተምረናል።

ከከተማ የሚሄድ ጀማዓ የወይጦ አባት መሪ አድርጎ ቢይዝ፣ «አባባ፣ ዓሣው የት ያድራል? በየትኛው ወር ይወጣል?» ብሎ ከሥሩ ቁጭ ቢል፣ ለድካሙ ተገቢውን ዋጋ ቢከፍል፣ ከእርሱም ጋር በአንድ ገበታ ቢበላ፣ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይገኛል። ወጣቱ ዕውቀት ያገኛል፣ ቤተሰቡ ሲሳይ ያገኛል፣ የተበጠሰው ወንድማማችነትም ይቀጠላል። ከመረብ ብዛት ይልቅ ከዕውቀቱ የሚኖር አጥማጅ ዓሣውን ለመጠበቅ የመጀመሪያው ዘብ ይሆናል።

ለመንገድ የሚነሣ ጀማዓ

ከሁሉ በፊት የሰላም ጉዳይ አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የጎጃም መንገዶች ብዙ ጊዜ አስጊ ሆነዋል። ነፍስን ለአደጋ ማጋለጥ አልተፈቀደልንም። ስለዚህ የአካባቢውን ሽማግሌዎችና የመስጊድ ኃላፊዎች ሳይጠይቁ፣ የመንገዱንም ሁኔታ ሳያጣሩ መነሣት አይገባም። ሰላም እስኪወርድ በቅርብ ባለ ውሃ መለማመድ፣ ዝንብ መሥራትና ስለ ዓሣው መማር ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች ለዚያ ቀን ያኑሯቸው።

1. አሚር ይሹሙ። ሦስት ሰዎች እንኳ ሲጓዙ አንዱን መሪ እንዲያደርጉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ወንዝ ዳር «ልሻገር፣ አልሻገር» የሚል ክርክር ሰው ያስበላል።

2. ስንቅ ያሰባስቡ። የአቡ ዑበይዳን (ረ.ዐ.) አሠራር ይከተሉ፤ የተሻለ ስንቅ ያለውና የሌለው አይለያይ።

3. ውሃውን ይፍሩ። የአባይ ሸለቆ ቆላ ነው፤ የወባ ትንኝ አለበት፣ በአባይም ውስጥ አዞና ጉማሬ አለ። ረጋ ባለ ውሃ ውስጥ በባዶ እግር መቆም ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል። ላይ ደጋው ላይ ከዘነበ ታች ፀሐይ ቢሆንም ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ዋና የማይችል ልጅ ካለአዋቂ ወደ ውሃ አይቅረብ።

4. ሰላትን አይርሱ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰላት ማሳጠር ይቻላል። በጦሃራ ላይ ሆኖ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ያጠለቀ መንገደኛ ሦስት ቀንና ሌሊት በላዩ ላይ ማበስ ተፈቅዶለታል። ወደ ጮቄ ሲወጡ ተክቢራ፣ ወደ አባይ ሲወርዱ ተስቢሕ ማለት የሰሐቦች ልማድ ነበር።

5. ወንዙን አያርክሱ። ሰው ውሃ በሚቀዳበት ቦታ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳት እርግማን የሚያመጣ መሆኑ በሐዲሥ ተነግሯል። የተበጠሰ ናይለን፣ ላስቲክና መንጠቆ ይዘው ይመለሱ፤ የላምና የወፍ እግር ያስራል።

6. ቤተሰብን ያስቡ። ጉዞው የወንዶች ብቻ መሆን የለበትም። እህቶች ከመሕረሞቻቸው ጋር፣ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር የሚወጡበት ቀን ቢዘጋጅ መልካም ነው። ከቤተሰብ ጋር መጫወትና ዋና መማር ከሚወደዱ ጨዋታዎች መካከል ተቆጥረዋል።

7. ጎረቤትን ይጋብዙ። በአገራችን የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ መሆኑ የታወቀ ነው። ዓሣ ግን እርድ ስለሌለው ሁለቱም ከአንድ መጥበሻ ሊበሉት የሚችሉት ምግብ ነው። የወንዙ ባለቤት የሆነው የጎጃም ገበሬ መንገድ ሲያሳይ፣ ጥላ ሥር ሲያሳርፍ፣ ከተጠበሰው ዓሣ ቢቀርብለት የጉርብትና ሐቅ ይወጣል። በጾም ወቅት ከሆነ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ጨዋነት ነው።

ውድ አንባብያን! የጣና ነጭ ዓሣ ከላናው በኋላ በዓለም ላይ የቀረ የዘሩ የመጨረሻ ትልቅ ቤተሰብ ነው። በእጃችን ያለ አማና ነው። አማና ደግሞ በእጅ የያዙትን ያህል ብቻ ሳይሆን ሳይነኩ የተዉትንም ያህል ይመዘናል። ልጅዎ ዘንግ ይዞ ወንዝ ዳር ሲቆም መጣልን ብቻ ሳይሆን በቃ ማለትንም ያስተምሩት።

አላህ (ሱ.ወ.) ለአገራችን ሰላምን ያውርድልን። ውሃችንን ይባርክልን። አማናውን ከሚጠብቁት፣ ዝም ከማይሉት፣ ወንድማቸውን ከማይንቁት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።